በሠልስቱ ቀን የዋለ ቀጠሮ

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የራስን ጉዳይ ማሰብ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔ ግን የባለቤቴ አባት በሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳስብ የነበረው ስለ ማህፀኔ ነው። ይህን በመጻፌ የሚቀየመኝ ዘመድ ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዳለ ካልነገርኳችሁ ግን አይገባችሁም።

ስንዱ እባላለሁ። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቀራንዮ ውስጥ መጋረጃ የምሰፋባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከባለቤቴ ከይበልጣል ጋር ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። በሦስተኛው ዓመት አርግዤ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ደም ፈሰሰኝና ሐኪም ቤት ተወስጄ ማህፀኔ ተጠረገ። ከዚያ ወዲህ አላረገዝኩም። አማቴ እትዬ የሺ ስለ ልጅ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ዝም ማለታቸው ከጥያቄ በላይ ይከብደኝ ነበር። ስገባ ይነሣሉ፣ ይስሙኛል፣ ምግብ ያቀርቡልኛል፤ ዓይኔን ግን አያዩኝም።

በመጨረሻ ለማንም ሳንናገር ወደ አንድ የመካንነት ሕክምና ክሊኒክ ሄድን። የእኔ እንቁላልና የእሱ ዘር እዚያው ተዋሕደው ሁለት ፅንስ አገኘን። አንደኛው ማህፀኔ ውስጥ ገባ፤ አልያዘም። ሁለተኛው በኃይለኛ ቅዝቃዜ ተጠብቆ ተቀመጠ። ሌላ አልነበረንም።

አንደኛው ለምን እንዳልያዘ ሐኪሟ በካሜራ ስታይ፣ የማህፀኔ ውስጠኛ ግድግዳ በዚያ በድሮው ጠረጋ ጠባሳ ይዞ ቦታ ቦታው ላይ ተጣብቆ አገኘችው። ጠባሳውን ካላቀቀች በኋላ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ።

«ፅንሱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይይዝም» አለችኝ። «የሚያርፍበት ሽፋን ዝግጁ መሆን አለበት። መጀመሪያ በአንዱ ሆርሞን እናወፍረዋለን። ከዚያ ሁለተኛውን ሆርሞን ስንጀምር መወፈሩን ትቶ መለስለስ፣ ለፅንሱ የሚሆን ምግብ መቋጠር ይጀምራል። በስድስተኛው ቀን ግድም ይቀበላል። ይህ ጊዜ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ቀድመን ብንመጣ ገና ነው፤ ዘግይተን ብንመጣ አልፏል።»

«ካለፈስ?»

«በሌላ ዙር እንደገና ከመጀመሪያው ነዋ።»

ያ «ከመጀመሪያው» የምትለው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። በአንደኛው ዙር ሽፋኑ አልወፍር አለ፤ ተሰረዘ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በየጊዜው አልጋው ላይ ተኝቼ ስክሪኑን ሳይ ሐኪሟ ዝም ካለች አወቅሁ ማለት ነው። በሦስተኛው ዙር ግን ፈገግ አለች። «አየሽ እነዚህን ሦስት መስመሮች? እንዲህ ነው የምንፈልገው። ስንዱ፣ ጠባሳው ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል። ይህን ዙር እንዳናባክነው» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛውን ሆርሞን ጀመርኩ። በብልት በኩል የሚቀመጥ፣ ሙቀት የሚያቀልጠው፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነጭ መድኃኒት ነው። በየስምንት ሰዓቱ አንድ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ አይቆምም። ቀጠሮዬ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ።

ሰኞ ከሰዓት የይበልጣል አባት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞቱ። ማክሰኞ ተቀበሩ። ሐሙስ ሠልስታቸው ሆነ።

የበኩር ልጃቸው ሚስት ነኝ። ቦታዬ ከአማቴ ጎን ፍራሹ ላይ ነው። እድሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሏል፤ ወንዶቹ እዚያ፣ ሴቶቹ ሳሎን። ሰው ሲገባ እናለቅሳለን፣ ሲቀመጥ ዝም እንላለን፣ ሌላ ሲገባ እንደገና እናለቅሳለን። ለመድኃኒቱ ሰዓት የሞላሁት ስልኬ ከቀሚሴ ስር በነዘረ ቁጥር የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም። መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሰው ተሰልፏል። ሐኪሟ «ካስቀመጥሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተኚ» ብላኛለች። እኔ እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ አስቀምጬ፣ በር እየተንኳኳብኝ ወጥቼ፣ ተመልሼ ፍራሹ ላይ እቀመጣለሁ። መድኃኒቱ የገባ ይሁን የወጣ አላውቅም። የእውነት አለቀስኩ፤ ሴቶቹ ለሟቹ መስሏቸው «አይዞሽ፣ እንደ አባት ነበሩልሽ» ይሉኛል።

የቀረውን መድኃኒት እንዳይቀልጥ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ጓዳ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጣሳ ጀርባ ሸሽጌ ነበር። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ጓዳ ገብቼ እጄን ስሰድ ፌስታሉ የለም።

«ይህን ነው የምትፈልጊው?»

የይበልጣል እህት ብርቄ ናት። በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆማለች፤ ፌስታሉ እጇ ላይ ነው።

«ብርቄ፣ ስጪኝ። ሰዓቱ ደርሷል።»

«የምኑ ሰዓት?»

«መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት መሆኑንማ አውቄያለሁ። ፎቶ አንሥቼ ፋርማሲ ለምትሠራ ጓደኛዬ ላክሁላት። ሆርሞን ነው አለችኝ። ልጅ እንዳይረገዝ ከሚወሰደው ዓይነት ነው አለችኝ።» ፌስታሉን ወደ እኔ አወዛወዘች። «ዘጠኝ ዓመት! እናቴ ዘጠኝ ዓመት ስለት ስትሳል፣ አባቴ የልጅ ልጅ ሳያይ ሲሞት፣ አንቺ እዚሁ ቤታችን ውስጥ፣ በለቅሶው ላይ!»

«አልገባሽም። እሱ ለተቃራኒው ነው...»

«ለእማዬ ትነግሪያለሽ። እስክትመጣ እዚሁ ቆዪ፤ በሰው ፊት አታዋርጂን።»

ወጣች፤ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁት። በጡጫ ልደበድበው እጄን አነሣሁ። ከዚያ ሳሎን ያሉትን ሴቶች አሰብኩና እጄን አወረድኩ። እንግዲህ መታሰር ማለት ይህ ነው፤ ብጮህ የሚሰማኝ ሃምሳ ሰው አለ፤ የማልጮኸውም ሃምሳ ሰው ስላለ ነው።

ጓዳው አንዲት የብረት ፍርግርግ ያላት መስኮት አለችው፤ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ታያለች። ለይበልጣል ደወልኩለት። መጣና ፍርግርጉን ያዘ። ፂሙ አድጓል፤ ዓይኑ አብጧል።

«ብርቄ ቆልፋብኛለች። መድኃኒቱን ወስዳብኛለች። ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን!»

ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ። «ስንዱ፣ አባቴን ትናንት ነው የቀበርኩት። ዛሬ እናቴ ጋ ሄጄ ክሊኒክ ውስጥ ልጅ አሠርተናል ልበላት? ለሐኪሟ ደውለሽ ለሚቀጥለው ወር አዙሪው።»

«አይዞርም። ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ? ስንት ወር ጠበቅን ይቺን ለማግኘት? ነገ ነው የሚቀበለው፤ በወሩ የለም!»

«ነገ ሠልስት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የበኩር ልጅ ሚስት ሠልስት ላይ ጠፋች ሲባል አስቢው።» እንባው መጣ። «አልችልም። ዛሬ አልችልም።»

ከድንኳኑ አንድ ሽማግሌ ጠሩት። ሄደ። የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሰዓት ሆነ። በየደቂቃው ሰውነቴ ውስጥ የሆነ ነገር እየተዘጋ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ «ቆይ፣ ትንሽ ቆይ» ስለው ራሴን አገኘሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉ ዞረ። አማቴ ገቡ፤ ብርቄ ፌስታሉን ይዛ ከኋላቸው። ከልቅሶ ብዛት ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ውጪ» አሏት ብርቄን።

«እማዬ፣ እኔም ልስማ...»

«ውጪ አልኩሽ።»

ፌስታሉን ተቀብለው በሩን ዘጉ። ግድግዳውን ደገፍ አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። «ተናገሪ» አሉኝ።

ይበልጣልን ልጠይቀው፣ አብረን እንንገርዎ፣ ሌላ ቀን ይሁን ማለት እችል ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሁሉም ነው። ደም የፈሰሰኝን ቀን ነገርኳቸው። ጠረጋው ማህፀኔን እንዳቆሰለው፣ ግድግዳው እንደተጣበቀ፣ ጠባሳው እንደተላቀቀ፣ ሁለት ዙር እንዳልወፍር እንዳለ፣ አሁን በሦስተኛው እንደተዘጋጀ ነገርኳቸው። «ይህ መድኃኒት እንዳልወልድ አይደለም፣ እማማ። ፅንሱ የሚያርፍበትን የሚያለሰልስ ነው። ነገ ጠዋት ነው ሰዓቱ። ከነገ ወዲያ አይቀበለውም።»

ፌስታሉን ገልጠው አዩ።

«የይበልጣል ነው?»

«የእሱና የእኔ።»

«የት ነው ያለው?»

«ክሊኒኩ። በቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጦ።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሁለት ዓመት በብርድ» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ከዚያ ፌስታሉን ሰጡኝ። «ሰዓቱ ስንት ነበር?»

«ስምንት።»

«አሁን አድርጊው። ምን ታደርጊያለሽ ከዚያ?»

«ግማሽ ሰዓት መተኛት አለብኝ።»

ሰሌኑን ራሳቸው ዘረጉልኝ። ፊታቸውን አዙረው በሩን በጀርባቸው ደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከውጭ ሰው ሲያንኳኳ «እኔ ነኝ ያለሁት፣ ቆዩ» ይላሉ። ባል የሞተባት ሴት በቀብሩ ማግስት እኔን ስትጠብቅ ጣሪያውን እያየሁ ተኛሁ። ስለ ነገው አንድም ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ወጡ።

ለሐኪሟ ደወልኩላት። ሦስት ሰዓት ቢዘገይም እንዳልተበላሸ ነገረችኝ። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከላብራቶሪ ይደውሉልሻል። መምጣትሽን ካረጋገጥሽ ፅንሱን ያቀልጡታል። ከቀለጠ በኋላ ግን መልሶ ማስቀመጥ የለም፤ እርግጠኛ ካልሆንሽ አታስጀምሪያቸው» አለችኝ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ ከሌሎች ሴቶች ጋር ለተመላሹ ምግብ ለማዘጋጀት ቀረሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ።

«ስንዱ? ከላብራቶሪ ነው። እናቅልጠው?»

ፈቃድ አልነበረኝም። ባሌ አልችልም ብሏል። አማቴ ይሂዱ ይቅሩ አላሉም። ስድስት ሴቶች ቢላዋቸውን ይዘው ያዩኛል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ የወሰንኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ነው።

«አቅልጡት» አልኩ። «እመጣለሁ።»

«ምኑ ነው የሚቀልጠው?» አለችኝ አንዷ።

«ቅቤ» አልኳት።

ተመላሹ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ግቢውን ሞላው። ቦርሳዬን አንሥቼ በሳሎኑ መሐል ወደ በሩ ተራመድኩ። የሟቹ እህት ክንዴን ያዙኝ። «ወዴት ነው? እንግዳ ተቀመጠ እኮ!» ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ልኬያት ነው» አሉ አማቴ ከበሩ ላይ።

እጄን ይዘው ወደ መኝታ ቤታቸው አስገቡኝ። ጥቁር ሻሼን ፈቱ፤ ጥቁር ሻሌን ከትከሻዬ አወረዱ። ሳጥናቸውን ከፍተው ነጭ ነጠላ አወጡና አለበሱኝ። «እዚያ ከል ለብሰሽ አትገቢም» አሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ተጣሩ። «ብርቄ! አብረሻት ሂጂ።»

«እማዬ፣ በአባዬ ሠልስት?»

«አባትሽ አይቀየምሽም። ብቻዋን አትሄድም።»

ይበልጣል ከድንኳኑ ደጃፍ አየኝ፤ ነጭ ለብሼ። ተነሥቶ መጣ። «ልምጣ?» አለ በቀስታ።

«ከአባትህ ጋር ሁን» አልኩት። በንዴት አልነበረም። ወይም ትንሽ በንዴት ነበር።

የኮንትራት ታክሲ ያዝን። ከቤት ስወጣ አንድ ሊትር ውኃ ጠጥቻለሁ፤ ፊኛ ሲሞላ ማህፀን በደንብ ስለሚታያቸው ነው። ጦር ኃይሎች ስንደርስ መንገዱ ተቆፍሯል፤ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ከፊታችን ሲኖትራክ፣ ከኋላችን አውቶቡስ። ሽንቴ ይዞኛል፣ እግሬን አጣምሬያለሁ፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ከቀለጠ በኋላ መመለስ የለም የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ይደውላል። ብርቄ ከቤት ጀምሮ አልተናገረችም።

«እማዬ ነገረችኝ» አለች ድንገት። «ሁሉንም።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ስንዱ፣ ያኔ ማህፀንሽ ተጠረገ ሲሉ... 'ሆን ብላ ነው ያስወረደችው' ብዬ ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ማንም አላለኝም። ራሴ አሰብኩት፣ ራሴ ተናገርኩት።»

ስድስት ዓመት። የማያዩኝ ዓይኖች፣ ያ ዝምታ፣ እያንዳንዱ የበዓል ምሳ ትዝ አለኝ። ቀጠሮዬ ባይሆን ኖሮ ወርጄ እሄድ ነበር። ግን የት እወርዳለሁ?

«አሁን አትናገሪኝ» አልኳት። «ካለቀስሽ እኔም አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ያመልጠኛል።»

ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሆዴ አየች፤ ገባት። ሳናስበው ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ደግሞ ሽንቴን አባሰብኝ። ያን ጊዜ በሩን ከፍታ ወረደች። በዚያ ሁሉ መኪና መሐል፣ በከሏ እንዳለች፣ ሲኖትራኩን መስኮት ስታንኳኳ፣ ለትራፊክ ፖሊሱ በእጇ ስታስረዳ አያታለሁ። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ሲኖትራኩ ግን ጥግ ያዘ፤ ታክሲያችን በእግረኛው ጠርዝ አለፈች።

አራት ሰዓት ከሃያ ደረስን። ነርሷ «አብሮሽ የሚገባ አለ?» ስትለኝ ብርቄ ወደ ወንበሩ እየሄደች ነበር። «እሷ» አልኩ።

ስክሪኑ ላይ የማህፀኔ ሽፋን ግራጫ ሆኖ ይታያል። ቀጭኗ ቱቦ ገባች። ከዚያ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ብላ ሽፋኑ መሐል ቀረች። ሐኪሟ «እሷ ናት» አለች። ብርቄ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ለደም ምርመራ ስሄድ ይበልጣል አብሮኝ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ውጤቱን ሲነግሩን እሱ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ። ይዟል። ልጃችን ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ይህን ስጽፍ ከጎኔ የመጋረጃ ብጣሽ እየጎተተች ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ያቺ ሐሙስ ሁሉን አስተካከለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ብርቄን ይቅር ብያታለሁ፤ ስድስቱን ዓመት ግን አልረሳሁትም። ይበልጣል መስኮቷ ላይ «አልችልም» ያለኝ ቀን አንዳንዴ ትዝ ሲለኝ ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛለሁ፤ እሱም ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ፅንሱ ባይይዝ ኖሮም ይህን ታሪክ እጽፈው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። የምጽፈው ይመስለኛል። ብዙዎች ሁሉን በሰዓቱ አድርገው አልያዘላቸውም፤ ሐኪሟም ለእኔ ለምን እንደያዘልኝ አታውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያቺን ጓዳ ብርቄ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የቆለፈችብኝ፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት እኔው ራሴ ቆልፌ ተቀምጫለሁ። አማቴ ሲሰሙ ይጠሉኛል ብዬ የሸሸግሁት ነገር፣ ሲሰሙት በር የሚጠብቁልኝ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ መጋረጃ ልትለካ መጥታ፣ ልጄን አየችና ፊቷን አዞረች። «ለእኔ ልጅ እንቢ አለኝ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁት። ወንበር ሳብኩላትና፣ ለአማቴ እንደነገርኩት፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።